ወንፊት ሕፃናት ማቆያ የገባ ቀን

በግብር ቢሮው ውስጥ፣ ስሙ ሲጠራ ነጋዴ ሁሉ ኪሱን የሚዳብስለት አንድ መርማሪ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ከተማው የሚያውቀው ግን «ወንፊት» በሚል ነው። ከእጁ ገለባ አያልፍም ለማለት። የተማረሩበት ደግሞ፣ «ወንፊትስ ደህና፣ ዱቄቱን ያሳልፋል። ይሄ ዱቄቱንም አስቁሞ ከየት ነው የመጣኸው ይለዋል» እያሉ ያሙታል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። ጉቦ አይበላም። ውሃ እንኳ ቢያቀርቡለት «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላል። አንድ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ፈገግ ካለ «ምን ደብቆ ነው?» ብሎ ይጠረጥራል፤ ካኮረፈም «ምን ደብቆ ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት «ሳላስበው አለፈኝ» ይላል። ባልደረቦቹ ግን፣ «ኧረ ተዉት! እወድሃለሁ ያለችውን ሴት ማስረጃ አቅርቢ ብሏት ነው» ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ ሲዋሹት ስለኖረ ብቻ፣ እውነት ፊቱ ሲቆም ቶሎ አይለየውም ነበር።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እሱ «እታለም» ይላታል። እሷ ደግሞ ጸጉሩ የሸበተውን፣ ነጋዴ የሚርድለትን ሰውዬ «ማሙሽዬ» ነው የምትለው። ጠዋት ሲወጣ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች፤ ማታ ሲገባ «ዛሬስ ማንን አስለቀስክ?» ትለዋለች።

ነገሩ የጀመረው አዲስ ሕግ የወጣ ጊዜ ነው። ለሠራተኞቹ ልጆች ማቆያ የከፈተ ድርጅት፣ ለዚያ ያወጣው ወጪ ከግብሩ ይቀነስለታል የሚል ሕግ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ነገር ግን «ግብር ይቀነሳል» የሚል ወሬ የሰማ ሰው የማያደርገው የለምና፣ ብዙም ሳይቆይ ከተማው በወረቀት ላይ በሕፃናት ማቆያ ተጥለቀለቀ። የመኪና ጎማ አስመጪው «ማቆያ ከፍቻለሁ» ብሎ ወንፊትን ወደ መጋዘኑ ወሰደው። በጎማዎቹ ክምር መሃል አንድ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የዋጋ ወረቀታቸው ገና ያልተነሳላቸው አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል። «ልጆቹስ?» ቢለው፣ «ዛሬ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ» አለው። ሌላው ብልጥ ነኝ ባይ ልጆችም አዘጋጅቶ ነበር። ወንፊት አንዷን ጠጋ ብሎ «እናትሽ እዚህ ምን ትሠራለች?» ሲላት፣ «እናቴ ቤት ናት። አጎቴ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ብስኩት እገዛላችኋለሁ ብሎን ነው» አለችው። ወንፊት ብስኩቱን ራሱ ገዛላትና የአጎቷን ቅናሽ ሰረዘ።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በከተማው ውስጥ እውነተኛ ማቆያ የሚባል ነገር የለም ብሎ ሊደመድም ሲል የሸሚዝ ፋብሪካው ማመልከቻ ደረሰ። የፋብሪካው ባለቤት የታወቀ ንፉግ ነው፤ ሠራተኞቹ ከኋላው «ቋጠሮ» ይሉታል። አንዲት የወደቀች የሸሚዝ ቁልፍ ፍለጋ የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ ያስነሳ ሰው ነው ይባላል።

የወንፊት አለቃ ማመልከቻውን ሲሰጠው ሳቁ አመለጠው።

«ቋጠሮ ለሕፃን አልጋ ገዛሁ ይላል! ሂድና እስቲ እየው። አልጋውን ካገኘኸው እኔ እተኛበታለሁ።»

«ሳልነግረው ነው የምሄደው» አለ ወንፊት።

ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከፋብሪካው በር ውጪ ሴቶች ብርቱካንና ሙዝ መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ጥበቃው መታወቂያውን አይቶ ስልክ ሊያነሳ ሲል፣ ወንፊት «ተወው፣ አብረን እንሂድ» ብሎ ቀደመው። በስፌት አዳራሹ መሃል አለፉ። የስፌት መኪና አንድ ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉራል፤ ሲበዛ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ሴቶቹ ቀና አላሉም። አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ኮሌታ ትገለብጣለች፤ ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አዳራሹ ጫፍ ሲደርስ ሸሚዝ ሆኖ ይወጣል። የወንፊት ዓይን ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ትናንት የተቀባ ግድግዳ፣ በችኮላ የተሰቀለ ሥዕል፣ የተደናገጠ ሰው።

ጥበቃው በግቢው ጥግ ካለ አንድ ሰፊ ክፍል በር ላይ አቆመው።

«ጫማዎን ያወልቁ፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«ጫማ። ባለቤቱም ሳያወልቅ አይገባም። ልጆቹ የሚድሁት መሬቱ ላይ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ሲያወልቅ የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተበስቶ አገኘው። ከተማውን የሚያንቀጠቅጠው መርማሪ አውራ ጣቱን አጥፎ ገባ።

መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነው። የሳሙና፣ የወተት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጨርቅ ሽታ። እንዲህ ያለ ሽታ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ተኮናትረው አያስገቡትም። ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ድረስ በትንንሽ እጆች ተዥጎርጉሯል። በመስኮቱ ሥር የተደረደሩት የፕላስቲክ ኩባያዎች አፋቸው በጥርስ ተጎርዷል። አንዱ ጥግ ላይ ግማሽ ፊቱ በፍቅር ብዛት የተላጠ የጨርቅ ዝሆን ወድቋል። ወንፊት ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ። ውሸት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የዚህ ቤት እድፍ ግን ዕድሜ ነበረው።

የማቆያው ኃላፊ መጣች። ቀድሞ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የነበረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ደልዳላ ሴት ናት። ማንነቱን ሲነግራት አልተርበደበደችም።

«እንኳን ደህና መጡ። ብቻ ልናስተኛቸው ስንል ነው የደረሱት። ከፈለጉ ቁጭ ብለው ይጠብቁ። አይቁሙ እንጂ፤ የእርስዎን ያህል ረጅም ሰው ቆሞ ካዩ ማን ይተኛል?»

መቀመጫ ፈለገ። ያለው የልጆች ወንበር ነው። ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያየውን ለመናገር ዕድሜ ልኩን ቃል ያጥረው ነበር። ክፍሉ እንደ ገበያ ይንጫጫል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ትስቃለች፣ አንዱ የሌላውን ጫማ ራሱ ላይ ደፍቶ ይዞራል፣ ሁለቱ በአንድ ኳስ ተያይዘዋል። ሞግዚቶቹ ሦስት ናቸው። አንዳቸውም አልጮሁም። አንዷ መጋረጃውን ቀስ ብላ ሳበች። ሌላዋ ቃል የሌለው ዜማ፣ በአፍንጫዋ ብቻ ማንጎራጎር ጀመረች። ሦስተኛዋ ከፍራሽ ወደ ፍራሽ እየተዘዋወረች መዳፏን በየልጁ ሆድ ላይ ታሳርፋለች፤ ትንሽ ታቆየዋለች፤ ታልፋለች። ጸጥታው ከመጋረጃው በኩል ተነስቶ፣ እንደ ውሃ ቀስ እያለ ወለሉን ሞላው። ጫማ የደፋው ልጅ ጫማውን እንደደፋ ተኛ። ባለኳሶቹ ኳሱን መሃል አድርገው ተኙ። ወንፊት አፉን ከፍቶ ቀረ። በቢሮው ስብሰባ አምስት ጎልማሶችን ለአፍታ ዝም ማሰኘት እንኳ ጠረጴዛ ሳይደበደብ አይሆንም። እነዚህ ሴቶች በመዳፍና በመጋረጃ ዓለምን ጸጥ አሰኙት።

አንዲት ልጅ ብቻ እምቢ አለች። ጉንጯ ዓይኗን ሊደፍን ምንም ያልቀረው፣ ገና መራመድ የጀመረች፣ ሞግዚቶቹ «ድንቡሼ» የሚሏት ናት። እየተንገዳገደች መጥታ ወንፊት ፊት ቆመችና ከላይ እስከ ታች መረመረችው። እሱም መረመራት። ክራቫቱን ይዛ ሳበች። ጠንካራ መሆኑን ስታረጋግጥ፣ እንደ ገመድ ተጠቅማበት ጭኑ ላይ ወጣች። ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስደገፈች። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ በቃ፣ ተኛች።

ወንፊት እጆቹን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«ይውሰዷት እንጂ!» አለ በሹክሹክታ።

«አሁን ካነሳናት ታለቅሳለች» አለች ኃላፊዋ፣ እሷም በሹክሹክታ። «አንዷ ካለቀሰች ሁሉም ይነቃል። እጅዎን ጀርባዋ ላይ ያድርጉ። አዎ፣ እንደዚያ። አትሰበርም።»

እጁን ጀርባዋ ላይ አደረገ። መዳፉ ጀርባዋን ሁሉ ሸፈነው። በመዳፉ ሥር ትንፋሿ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ልቧ እንደ ወፍ ይመታል። ሙቀቷ ሸሚዙን አልፎ ደረቱ ላይ ደረሰ። የሰው ልጅ እንዲህ ትንሽ ሆኖ እንዲህ እንደሚከብድ አያውቅም ነበር። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሰው እሱን ሲያይ የሚደብቀውን ነገር ነው የሚያስበው። ይህች ልጅ ግን ማን ነህ ሳትል፣ ደረሰኝ ሳትጠይቅ፣ ራሷን በሙሉ አደራ ሰጥታው ተኛች። ዓይኑ ሞላ። ዓይኑን ለመጥረግ ደግሞ እጁን ማንሳት ነበረበት፤ አላነሳም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ቋጠሮ ደረሰ። ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ ነው የመጣው፤ ጫማውን በር ላይ ጥሎ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ ገባ። መርማሪው በትንሿ ወንበር ላይ ሕፃን አቅፎ ሲያየው ባለበት ደረቀ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ በሹክሹክታ።

«እስካሁን ምንም።»

«ታዲያ ልጅ ይዘው ለምን ያስፈራሩኛል?»

ኃላፊዋ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች። ወንፊት ግን ሥራው ሥራ ነውና፣ ባለበት ሆኖ ጠየቀ። «እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄን ለምን ከፈቱት?»

«ለግብሩ ነዋ!» አለ ቋጠሮ። «ምን ብዬ ልዋሽዎ? አስልቼ፣ አትራፊ ሆኖ ሳገኘው ነው የከፈትኩት። ንፉግ መሆኔን አውቃለሁ፤ ቋጠሮ እንደሚሉኝም አውቃለሁ።» መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። «ግን ያላሰላሁት ነገር ገጠመኝ። ድሮ እነዚህ ሴቶች እጃቸው ጨርቁ ላይ ነው፣ ልባቸው ቤት ነው። ስንቷ ጣቷን በመርፌ ወጋች! አንዷ ልጇን ቆልፋበት ትመጣለች፣ አንዷ ለማታውቀው ጎረቤት ትሰጣለች፣ አንዷ ጭራሽ ትቀራለች። እኔ ሰነፎች ናቸው እል ነበር። ማቆያው ሲከፈት ምን ሆነ መሰለዎት? ዘፈኑ! አዳራሹ ውስጥ ዘፈን ጀመሩ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረውኝ ሲሠሩ ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን አንዳንዴ በር ላይ ቆሜ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ሞኝ ያሰኘኛል አይደል?»

«አያሰኝም» አለ ወንፊት። ከዚያ ግን የቆየ አመሉ ተነሳበት። «ይህቺ ልጅስ እናቷ የትኛው ክፍል ነው የምትሠራው?»

ቋጠሮና ኃላፊዋ ተያዩ። ወንፊት ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ እንጀራው ነው።

«አትሠራም» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ። «የብርቱካን ሻጯ ልጅ ናት። ከበሩ ውጪ ካሉት። እንደሷ ያሉ ሌሎችም ጥቂት አሉ፤ የቀን ሠራተኞች ልጆች፣ የጫኝ አውራጁ መንትዮች።»

«ሕጉ ግን ለሠራተኞች ልጆች ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ» አለ ቋጠሮ። «ዝናብ ጊዜ ነበር። በመኪና ስወጣ ይህቺ ልጅ በር ላይ ካርቶን ውስጥ ተኝታለች። ካርቶኑ ርሶ ተቀደደ። እናቷ ብርቱካኗን ትታ ልጇን ልታነሳ ስትል ብርቱካኑ በጎርፍ ሄደ። መኪናዬን ማስነሳት አቃተኝ። ሰው ነኝ እኮ! ወጪውን ግን ከሠራተኞቹ ጋር ደባልቄ ጽፌዋለሁ። እንግዲህ እንደፈለጉ ያድርጉኝ።»

ያኔ ድንቡሼ ነቃች። ቀና ብላ አየችው፤ አላለቀሰችም፤ ሁለት የታች ጥርሷን አሳይታው ሳቀች። ወዲያውም ጭኑ ላይ የሞቀ ነገር ተሰማው።

«ውይ!» አለች ኃላፊዋ። «ይቅርታ፣ ሸናችብዎት!»

«ግድ የለም» አለ ወንፊት፣ አሁንም በሹክሹክታ። ከዚያም በእርጥብ ሱሪ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እታለም በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሱሪውን ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሕፃን ሸናብኝ።»

«አንተ ላይ? ሕፃን?» በሳቅ ፍርስ ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «እሰይ! ነጋዴው ያልቻለውን ሕፃን ቻለልኝ!»

ራት ሲበሉ ያየውን ሁሉ ነገራት። እታለም ጥያቄዋ ማብቂያ አልነበረውም። አፍንጫቸውን ማን ይጠርጋል? ሞግዚቶቹ። ሲርባቸውስ? እዚያው ይበላሉ፤ የሚጠባ ካለ እናቱ በዕረፍት ሰዓት መጥታ ታጠባለች። ቢያማቸውስ? ኃላፊዋ ነርስ ናት።

«ታላላቅ እህቶቻቸውስ?» አለች እታለም።

«እነሱማ ትምህርት ቤት ናቸው።»

እታለም የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

ወንፊት ነገሩን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ሰው የቤቱን ምሰሶ እንደሚያውቅ ነው፤ በየቀኑ ያልፍበታል፣ አያየውም። አባታቸው የሞተው እሱ ሳይድህ ነው። እናታቸው የሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆነች። እታለም ትምህርት ቤት የምትገባበት ቀን ጠዋት፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ በር ላይ ስትቆም፣ እናታቸው እሱን አቅፋ «ልጁን ማን ይያዝልኝ? ለዚህ ዓመት ብቻ፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

«ያ ዓመት አላለቀም» አለች እታለም። ምሬት አልነበረባትም፤ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ነበር የምትመስለው። «አንተን አዝዬ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እቆም ነበር። አንድ ላይ ሆነው ፊደል ሲሉ ይሰማኛል። ልል ስጀምር አንተ ታለቅሳለህ። እሽሩሩ ስልህ ደግሞ እነሱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።»

«እታለም፣ ተቆጥተሽ አታውቂም?»

«በማን? እናቴ ላይ? ሕፃን ላይ? የሚቆጡትም ሰው ሲኖር ነው።»

ወንፊት ያን ማታ መብላት አቃተው። እሱ ፊደል ቆጥሮ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ የሰው ሒሳብ ሲመረምር የኖረው ማንም ያልመረመረው አንድ ሒሳብ ተከፍሎለት ነው። ሕፃን ልጅን መያዝ በነጻ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚከፍል አለ። የሱን የከፈለችው ወገቧ ያልጠና አንዲት ትንሽ ልጅ ናት፣ አሁን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ «ብላ እንጂ ማሙሽዬ» የምትለው።

በማግስቱ ለአለቃው እውነቱን አቀረበ። ማቆያው አለ፤ እውነተኛ ነው። የሠራተኛ ያልሆኑ ልጆች ወጪ ግን ተቀላቅሏል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቅጣው!» አለ አለቃው። «እነዚያን ልጆች ያስወጣ።»

«የሚሰረዘውን እሰርዛለሁ» አለ ወንፊት። «ልጆቹ ግን የትም አይወጡም።»

አለቃው ቀና አለ። ወንፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ሰምቶት አያውቅም።

«አብደሃል?»

«ሕጉን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? እኔ ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። እስከዛሬ ግብር የሚቀነስበትን ክፍል ብቻ ነበር የማየው። ቀጥሎ ሌላ ክፍል አለ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ወላጅ፣ የትም ይሥራ የትም፣ ልጁን እውቅና ባገኘ ማቆያ ካስገባ ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍልለታል ይላል።»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም።»

«አይደለም» አለ ወንፊት፣ ኮቱን እያነሳ። «በምሳ ሰዓቴ ነው የምሄደው።»

የብርቱካን ሻጯ ከሩቅ ስታየው፣ ግብር ሰብሳቢ መሆኑን ሰምታ ኖሮ፣ ብርቱካኗን በፍጥነት ማፈስ ጀመረች።

«ጋሼ፣ መነሳቴ ነው! ተነሳሁ!»

«የኔ እህት፣ ስለ ብርቱካኑ አይደለም። ስለ ልጅሽ ነው።»

ይሄ ባሰ። ሴትዮዋ ባለችበት ዘፍ አለች። «አስወጧት ማለት ነው?» አለች። ወንፊት የሚያጽናና ቃል አልለመደም፤ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳት። ከዚያ እሷንና የጫኝ አውራጁን ሚስት፣ ሌሎቹንም እናቶች ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ ያያቸው ነጋዴ፣ «ወንፊት ዛሬ ደግሞ ብርቱካን ሻጮችን አሰረ!» ብሎ ወሬውን አዳረሰ።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለ አንድ መስኮት ሥር አንዲት ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች። የመጡበትን ሲነግሯት ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«እውነት ለድጋፉ ነው የመጣችሁት? እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ሰው መጥቶ አያውቅም። እኛማ ፈላጊ የለውም ብለን ነበር።»

«የሚያውቀው ነው የጠፋው» አለ ወንፊት።

ቶሎ አላለቀም። «ነገ ተመለሱ» ነበረበት፤ የጎደለ ምስክር ነበረበት፤ አንድ ቀን ፈራሚው የለም ተባለ። ወንፊት ሌላውን ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ በተራው ሲመላለስ መስኮቱ ከውጪ በኩል ምን እንደሚመስል አየ። በመጨረሻ ተፈቀደ። ጸሐፊዋ «ከዚህ ወር ጀምሮ ለልጅሽ እንከፍላለን» ስትላት የብርቱካን ሻጯ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማን ነው የሚከፍለው?»

«ማዘጋጃ ቤቱ።»

«እሱስ ከየት ያመጣል?»

ወንፊት ሊመልስ አፉን ከፈተና መልሱ ራሱን አስደነገጠው። ዕድሜውን በሙሉ የሰውን ግብር ወደ ትልቅ ጎተራ ሲያስገባ ኖሯል፤ ከጎተራው በኋላ በር በኩል ምን እንደሚወጣ ግን ዞሮ አይቶ አያውቅም።

«ከሁሉም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከኔ ደሞዝ ይቆረጣል። ቋጠሮ ይከፍላል። ያ ጎማ ነጋዴ፣ እያለቀሰም ቢሆን፣ ይከፍላል። አንቺም ሳሙና በገዛሽ ቁጥር ትከፍያለሽ። ከዚህ ሁሉ ሰው ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ ነው።»

«የማያውቀኝ ሰው? ልጄን አይቷት የማያውቅ ሰው?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ መንገዱን ተመለከተች። የሚተላለፈውን ሰው ሁሉ፣ ታክሲ የሚጠብቀውን፣ ጋዜጣ የሚያነበውን፣ ጫማውን የሚያስጠርገውን፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ዘመድ አየችው። «ተመስገን» አለች። «ይሄ ሁሉ ሰው ልጄን አዝሎልኛል ለካ።» ወንፊትም ዞሮ አየ። ያ የሚጠረጥረው፣ ሲዋሸው የኖረው ከተማ ነው። ሳያውቀው፣ ሳይፈልግም፣ እያማረረም ቢሆን ሕፃን አዝሎ የሚሄድ ከተማ ሆኖ ታየው።

ቋጠሮ የተሰረዘበትን ከፈለ። በዚያው ልክ ደግሞ ለሠራተኞቹ ልጆች ያወጣው ሁሉ ተቀነሰለት። ንፉግነቱ አልለቀቀውም፤ ኋላ የራሱን መኪና ነዳጅ በማቆያው ወጪ ውስጥ ሸጉጦ ተገኝቶ ወንፊት ያለ ርኅራኄ ሰርዞበታል። የብርቱካን ሻጯም እጆቿ ነጻ ሲሆኑ ከበሩ ተነስታ ገበያ ውስጥ ቦታ ያዘች፤ አሁን ፓፓያም ትሸጣለች።

ወንፊት አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እታለምን «ልበሺ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አላት።

ማቆያው ሲደርሱ ኃላፊዋ እንደ እንግዳ አልተቀበለቻትም፤ «እናቴ፣ ይግቡ» ብላ ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት። እታለም እጇን አጣምራ ዙሪያውን ታያለች። አንዷ ሞግዚት ታጥባለች። አንዷ ታበላለች። አንዷ የወደቀ ታነሳለች። ምግብ አብሳይዋ በጓዳ በኩል ድስት ታማስላለች። ልብስ አጣቢዋ በግቢው ትንንሽ ካልሲ ታሰጣለች። ኃላፊዋ ትኩሳት ትለካለች። እታለም ከአንዷ ወደ አንዷ ዓይኗን እያመላለሰች ቆየች።

«ማሙሽዬ» አለች በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ይሄ ሁሉ ሰው የሚሠራውን፣ እኔ ብቻዬን ነበር የሠራሁት?»

«ብቻሽን ነበር፣ እታለም።»

«እኔ እኮ ምንም እንዳልሠራሁ ነበር የማስበው» አለች። ዓይኗ አበራ። በሕይወቷ የሠራችውን ሥራ ቁመቱን ያየችው ያን ዕለት ነው፤ ተራራ ላይ ሲኖሩ ኖረው ከሩቅ ሆነው ዞር ብለው እንደሚያዩት። በዚህ መሃል አንድ አራስ ልጅ አለቀሰና ሞግዚቷ እጇ በሳሙና ተይዞ «እናቴ፣ ያንሱልኝ?» አለቻት። «ኧረ እጄ ረስቶታል» አለች እታለም። እጇ ግን አልረሳም። ልጁ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«ማቆያው ነገም ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«በየቀኑ ነው፣ እታለም።»

«በየቀኑ!» አለች፤ ከዚያም የወንድሟን ክንድ ይዛ፣ ለራሷ እንደገና «በየቀኑ!» እያለች መንገዷን ቀጠለች።